ከኮምፒውተሩ ፊት አልነሳም ያልኩ ዕለት

አንድ ቀን ሙሉ ከአንድ የፕላስቲክ ወንበር አልነሳም ብዬ አውቃለሁ። አለቃዬ አዘዘኝ፣ አልነሳሁም። ደሞዝሽ ይታገዳል ተባልኩ፣ አልነሳሁም። በመጨረሻም እንደ ተጣላ ባልና ሚስት ሽማግሌ ተላከብኝ። ያኔ አብረውኝ የሠሩ ሰዎች ዛሬም ሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ ሲያገኙኝ «ታደለች፣ ተነሺ!» እያሉ ያሾፉብኛል። እኔም «ገና ነኝ» እላቸዋለሁ። ያልሰማችሁ ስለምትበዙ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

በዚያን ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የእርሻ ባለሙያ ነበርኩ። የጃጁራ ልጅ ነኝ። እናቴ ስለ እኔ ሲጠየቁ «ጸባይዋ ደህና ነው፣ እንቢ ካለች ግን ልጄ አይደለችም» ይላሉ። ሥራዬን እየሠራሁ ክረምት ክረምት ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት እንሰትን ነው። ጓደኞቼ «ቆጮ ለመብላትም ማስተርስ ተጀመረ?» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ! በሐዲያና በከምባታ ጓሮዎች ስንት ዓይነት እንሰት እንዳለ፣ የቱ ለቆጮ፣ የቱ ለቡላ፣ የቱ ለተሰበረ አጥንት እንደሚሆን በሥርዓቱ የመዘገበው ሰው አላገኘሁም ነበር። በዚያ ላይ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ገብቷል። አንድ የታመመ እንሰት የነካ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከነካ ጓሮው በሙሉ አለቀ ማለት ነው።

ከሁሉም ጓሮ የበለጠብኝ አንጋጫ አቅራቢያ ያለው የእማማ አማረች ጓሮ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ እሑድ እሑድ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የፊተኛው ወንበር ላይ የማይጠፉ፣ ቀጭን ሴትዮ ናቸው። ጥቅምት ላይ ስሄድ ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ «ይሄ ጊሽራ ነው፣ ይሄ ዲሾ ነው፣ ይሄ ሲስቀላ ነው» እያሉ ጓሮውን አዞሩኝ። ሌላውን ሁሉ በከምባትኛ ነው የተናገሩት። እኔ አፌን የፈታሁት በሐዲይኛ ነው፤ ከምባትኛው እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ነው የሚገባኝ። «እማማ፣ በአማርኛ ቢሆንልኝ» ብላቸው «የዌሳ ነገር በአማርኛ አይጥምም» አሉና ቀጠሉ፤ ዌሳ የሚሉት እንሰትን ነው። ምን አደርጋለሁ? በኋላ አስተረጉመዋለሁ ብዬ መቅረጸ ድምፁን ክፍት አድርጌ ተከተልኳቸው። እያንዳንዱን ተክል ፎቶ አነሳሁ።

ኅዳር ላይ በሽታው ጓሯቸው ገባ። ታኅሣሥ ላይ ተቆፍሮ የተቀበረው ተቀብሮ ባዶ መሬት ቀረ። ጥር ላይ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ተቀበሩ። ለቅሶ ስደርስ ያን ጓሮ አየሁና ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰዎቹ ለሴትዮዋ መሰላቸው፤ ለሁለቱም ነበር። ከእንሰቱም ከእሳቸውም የቀረው እኔ ዘንድ ያለው ፎቶና ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁም ገና አልተተረጎመም።

ይህ ሁሉ የሚገኘው በቢሮዬ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ ካሜራውና መቅረጸ ድምፁ የውሰት ስለነበሩ አጥፍቼ መልሻቸዋለሁ። የራሴ ላፕቶፕ አልነበረኝም። ሆኖም አልሰጋሁም፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ለሥልጠና በሄድኩ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ስላለው የፋይል ማስቀመጫ፣ ስለ ክላውድ ተምሬ መጥቼ ነበር። ፕሮግራሙን ትጭናለህ፣ አንድ ፎልደር ይፈጠራል፣ እዚያ ውስጥ ያስገባኸው ሁሉ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ራሱ ወደ ላይ ይወጣል። ታች ያለውና ላይ ያለው ምንጊዜም አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ሲንክ የሚሉት ይህንኑ ነው። ፎልደሩን «እንሰት» ብዬ ሰየምኩት። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅም ቢቃጠልም ምን ቸገረኝ ብዬ ደልቶኝ እተኛ ነበር።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ። የካቲት ላይ ግምገማ ነበር። ያን ዘመን የምታውቁ ግምገማ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ሄራሞ «የእንሰት በሽታን ሙሉ በሙሉ ተቆጣጥረናል» የሚል ሪፖርት አነበቡ። ሰዉ ሁሉ አቀርቅሮ ይጽፋል። እኔ እጄን አወጣሁና «የት ነው የተቆጣጠርነው?» አልኩ። «የቱ ጋ እንደሆነ ይነገረንና ሄደን እንይ፤ እኔ በቅርቡ ያየሁት ባዶ ጓሮ ነው።» ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ብዙ ሳይቆይ «ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል» የሚል የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። የተመደብኩት መኪና በገበያ ቀን ብቻ ወደሚደርስበት ቆላ ነው። ማክሰኞ ቢሮዬን እንዳስረክብ ታዘዝኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ፣ ለማንኛውም ልይ ብዬ በስልኬ ክላውዱን ከፈትኩ። «እንሰት» የሚለው ፎልደር አለ። ውስጡ የክረምቱ ሥራ አለ። የጥቅምቱ የለም። የእማማ አማረች ጓሮ የለም፣ ድምፃቸው የለም። ከጳጉሜ ወዲህ አንዲትም ፋይል ወደ ላይ አልወጣችም።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ወዲያው በሩ ተከፈተና የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያችን ብርሃኑ ገባ።

«ታዱ፣ እንደምን አደርሽ። ርክክቡ ዛሬ ነው አይደል? ተነሺልኝ ፎርማት ላድርገው።»

ብርሃኑ መልካም ልጅ ነው፤ ግን ለእሱ በዓለም ላይ ያለ የኮምፒውተር ችግር ሁሉ መድኃኒቱ ፎርማት ነው። ኮምፒውተሩ ቢዘገይ ፎርማት፣ ፕሪንተር እንቢ ቢል ፎርማት። ፎርማት ማለት ደግሞ ሁሉንም ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

«ፋይሌ ወደ ላይ አልወጣም። በፍላሽ ልቅዳና ከዚያ እንደፈለግክ» አልኩት።

«ፍላሽ የት አለ? ቫይረሱ ከገባ ጊዜ ጀምሮ በአቶ ሄራሞ ትዕዛዝ ሁሉም ተዘግቷል።»

«ክፈትልኛ!»

«ያለ እሳቸው ፈቃድ እንዴት ብዬ?»

ሲዲ መጻፊያውም ከሞተ ቆይቷል። አቶ ሄራሞ ዘንድ ሄድኩ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«የግል ትምህርትሽን በመንግሥት ንብረት መሥራትሽ ራሱ ጥፋት ነው» አሉ።

«እንሰት የግሌ ነው እንዴ? እኛ የእርሻ መሥሪያ ቤት አይደለንም? እኔ ያልሰበሰብኩት መረጃ እዚህ ቤት ውስጥ ካለ ያሳዩኝና አሁኑኑ ልሂድ።»

«ታደለች፣ ነገር አታብዢ። ፍላሽ አይከፈትም። ኮምፒውተሩ ከሥራ መውጫ በፊት ተጠርጎ ርክክብ ያልቃል።»

እሺም እንቢም ሳልል ወጣሁ፣ ቢሮዬ ተመለስኩ፣ ከብርሃኑ ቀድሜ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። «ይኸውልህ፣ ይሄ ነገር ወደ ላይ ሳይወጣ ከዚህ ወንበር አልነሳም። ፎርማት ልታደርገው ከሆነ እኔንም ጨምረህ አድርግ» አልኩት። ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር።

ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። ከስክሪኑ ሥር በቀኝ በኩል የሲንኩ ትንሽ አይከን አለች። ጠቅ ሳደርጋት «በመገናኘት ላይ» ትላለች። ስንት ወር ሙሉ እንዲህ ስትል ኖራለች ማለት ነው። ታዲያ እንዴት አላየሁም? ያየሁትማ አይቻለሁ፤ ግን እኛ ቤት ለዚህ አንድ መልስ ነበረ፤ «ኔትወርክ ነው»። ኢሜል እንቢ ሲል ኔትወርክ ነው። ገጽ እንቢ ሲል ኔትወርክ ነው። ሁላችንም ኢሜላችንን በስልክ እያየን፣ ኮምፒውተሩ ላይ የታይፕ ሥራ ብቻ እየሠራን ኔትወርክን ስንረግም ከረምን።

ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩት፤ ያው ነው። ክላውዱ ሞልቶ እንደሆነ በስልኬ አየሁ፤ ገና ብዙ ቦታ አለው። ፀረ ቫይረሱን ለጊዜው አቆምኩት፤ ያው ነው። ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁት፤ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ መስመር አለ። አንዳንድ ተራ ድረ ገጽ ሞከርኩ፤ ተከፈተ! ኔትወርክ ካለ ኢሜሉ ለምን አይከፈትም? ኢሜሉን እንደገና ስሞክር የተለመደው የስህተት ገጽ መጣ። ሁልጊዜ ሳላነበው የምዘጋው ገጽ ነው። በዚያን ቀን ግን ተረጋግቼ አነበብኩት። በእንግሊዝኛ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይላል።

ሰዓቱን አየሁ። ትክክል ነው። ከሰዓቱ ሥር ያለውን ቀን አየሁ። እሱም ትክክል ነው፤ መጋቢት ወር፣ ዓመተ ምሕረቱም የእኛው። ከዚያ ነው የገባኝ። ራሴን ይዤ ሳቅሁ፣ ቀጥሎም አለቀስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓመቱ መግቢያ ላይ ከእኛ ቢሮ የወጣ አንድ ደብዳቤ ከበላይ መሥሪያ ቤት ተመልሶ መጣ። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያትመው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለነበር ደብዳቤው ገና ከብዙ ዓመት በኋላ የሚጻፍ መሰለ። ተሳቀብን። አቶ ሄራሞ ተናደዱና «ከዛሬ ጀምሮ የቢሮው ኮምፒውተር ሁሉ በእኛ ዘመን ይቁጠር!» ብለው አዘዙ። ብርሃኑም እየዞረ የሁሉንም ኮምፒውተር ዓመትና ወር ወደ መስከረም መለሰ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ ሁለተኛውን ወር የፈረንጅ ፌብሩዋሪ አድርገው ስለሚያዩት ሃያ ስምንትን ሲጨርሱ እኛን ጥለው ኅዳር ገቡ፤ ብርሃኑ እየዞረ መለሳቸው። ከዚያ በየወሩ እንዲህ ሲያባርራቸው ከረመ። ይህን ሁሉ እያየን ስንስቅ፣ ክላውድን የመሰለ ነገር ከኮምፒውተሩ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ቀኑን እንደሚያመሳክር ማናችንም አላሰብንም። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር ሲመጣበት በሩን ይዘጋል። አይከኗ ከቀኑ ጎን ተቀምጣ ስታስጠነቅቀኝ ኖራለች።

«ብርሃኑ! ቀኑን ወደ ፈረንጅ መልስልኝ። የአስተዳዳሪው ፓስወርድ ያለው አንተ ጋ ነው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ችግሩ ገብቶታል። «ታዱ ሙች፣ አልችልም። የሳቸው ትዕዛዝ ነው። ኮሚቴ ፊት ያቆሙኛል።»

«ጥሩ። አንተ አትችልም። እኔ እችላለሁ።»

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ዊንዶውሱ ከመነሳቱ በፊት የሚጫነውን ቁልፍ ተጭኜ የማሽኑ የራሱ መቼት ውስጥ ገባሁ። እዚያ ፓስወርድ አልነበረም። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ለወጥኩ። ብርሃኑ ጀርባዬ ቆሞ «አላየሁም፣ አላየሁም» ይላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አይከኗ ትንሽ ዞረች። ከዚያም ቀስት አወጣችና «በመጫን ላይ» አለች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ደስታዬ ግን ብዙም አልቆየ። ፎቶዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ የድምፅ ፋይሉ ከሁሉም ይበልጣል፣ መስመሩን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይጋራዋል። አንዲት ፎቶ ለመውጣት ሻይ የሚያስፈላ ጊዜ ትወስዳለች። እንዲህ ከሆነ ከሥራ መውጫ በፊት አያልቅም። ቢሆንም ተቀመጥኩ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ አልተነሳሁም። አቶ ሄራሞ በሩ ላይ ብቅ ብለው «አሁንም አለሽ?» አሉ። «አለሁ» አልኩ። «ደሞዝሽን አሳግዳለሁ!» አሉ። «ያሳግዱ» አልኩ።

ከምሳ በኋላ ሽማግሌ መጣብኝ። አቶ ሄራሞ የላኳቸው ጋሽ ሃንዲሶን ነው። ጋሽ ሃንዲሶ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ጡረታቸው ቀርቧል። በቢሮው ውስጥ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው፤ ለሰርግም ለፍቺም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ከአለቃ ጋር እልህ መጋባት ለማን በጀ? ተነሺና ነገሩ በይቅርታ ይለቅ።»

«ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን አልነሳም።»

«ምንድን ነው እዚያ ውስጥ ያለው? ወርቅ ነው?»

መልስ ከመስጠት ይልቅ የድምፅ ፋይሉን ከፈትኩና ድምፁን ጨመርኩ። የእማማ አማረች ድምፅ ቢሮዋን ሞላት። ግንዱን መታ መታ የሚያደርጉበት ድምፅም አብሮ ይሰማል። ጋሽ ሃንዲሶ ቀጥ አሉ። የአንጋጫ ሰው መሆናቸውን አውቅ ነበር፤ ፊታቸው እንዲህ ይለወጣል ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

«አማረች ናት» አሉ በቀስታ። «አማረች አይደለችም? ቀብሯ ላይ ነበርኩ።»

«ናቸው። ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም፤ አላስተረጎምኩትም።»

«አታውቂም?» ወደ ስፒከሩ ጠጋ አሉ። «ለማን እንደሰጠች እኮ ነው የምትናገረው! ‹ከዚህ ከጊሽራው ሺንሺቾ ለተዳረችው ልጄ ለሙሉነሽ ስትዳር አምስት ችግኝ ሰጥቻታለሁ› ትላለች። ‹ሰነፍ ናት፣ ግን ዌሳ አትገድልም› ትላለች።» ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። «ስሚ፣ ‹ዲሾውን ለአበልጄ ልጅ…› በእያንዳንዱ እንሰት ሥር ችግኙ የት እንደሄደ እየተናገረች ነው።»

ወሽመጤ ብጥስ አለ። በእኛ አገር እናት ልጇን ስትድር ከጓሮዋ ችግኝ ታሸክማታለች፤ ጎረቤትም ጎጆ ሲወጣ ከጎረቤቱ ይለምናል። ያ ሁሉ እንሰት አልቋል ብዬ ያለቀስኩት እኔ፣ በየት በየት ጓሮ በሕይወት እንዳለ የሚናገር ድምፅ ይዤ ኖሬያለሁ። እሱም ደግሞ ዛሬ ማታ ሊጠረግ ነው።

«የእኔም እናት ጓሮ ባለፈው ዓመት አልቋል» አሉ ጋሽ ሃንዲሶ። ተነሱና ወደ በሩ ሄዱ። ሊሄዱብኝ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ራሳቸው ቢሮ ገብተው የኮምፒውተራቸውን የኔትወርክ ኬብል ነቅለው፣ ለሌሎቹም ተናግረው ተመለሱ። ኮሪደሩ ላይ «ለታዱ መስመር ልቀቁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አይከኗ ላይ ያለችው ቀሪ ቁጥር ፈጠን ፈጠን እያለች መውረድ ጀመረች።

አቶ ሄራሞ ይህን ሲሰሙ እንደ እሳት ነደው መጡ።

«ራውተሩን አጥፋ!» አሉት ብርሃኑን። «አሁኑኑ!»

ብርሃኑ ወደ ጋሽ ሃንዲሶ አየ። ጋሽ ሃንዲሶ ከወንበራቸው አልተነሱም።

«ሄራሞ፣ እኔን እዚህ የላከኝ ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ግን…»

«በሽምግልና ነው የላክኸኝ ወይስ በፖሊስነት?»

«በሽምግልና ነው።»

«እንግዲያው እኔ ገና አልጨረስኩም። ሽማግሌ የያዘውን ነገር፣ ሽማግሌው መልስ ይዞ ሳይመለስ፣ ላኪው ይነካዋል? በእናንተ በሐዲያ እንዲህ ይደረጋል? በእኛ አይደረግም።»

አቶ ሄራሞ ዞር ብለው አዩ። ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስቧል። ስለ ሰውየው እውነቱን ልናገር፤ ጨካኝ አልነበሩም፤ ከሁሉ በላይ ግን ሥርዓት የማያውቅ መባልን ይፈራሉ።

«እስከ መቼ ነው የሚቆየው?» አሉ።

«ልጅቷ እልኸኛ ናት፤ ቀስ ብዬ ነው የማናግራት» አሉ ጋሽ ሃንዲሶ። «ሻይ አስመጣልን።»

እኔም አፌን መያዝ አቃተኝ። «አቶ ሄራሞ፣ የእርስዎም ኢሜል ስንት ወር ሙሉ እንቢ ያለው በዚህ ቀን ምክንያት ነው። ሪፖርትዎን በሞተር ሳይክል ኢንተርኔት ቤት ድረስ መላክ አያስፈልግዎትም። ልቀይርልዎት?»

«ኮምፒውተር ነው ለእኛ የሚገዛው፤ እኛ ለኮምፒውተር አንገዛም!» ብለው ወጡ። መቼም እልህስ እሳቸውም አላቸው።

ሻዩ መጣ። ጋሽ ሃንዲሶ ከሰዓቱን በሙሉ «ሲያስታርቁኝ» ዋሉ። እውነቱን ለመናገር ድምፁን እየሰሙ እየተረጎሙልኝ፣ እኔም እየጻፍኩ ነው የዋልነው። አንዴ መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ አይከኗ ላይ አፈጠጥኩ፤ ሲንኩ ግን ካቆመበት ቀጠለ። ከሥራ መውጫ ትንሽ ቀደም ብሎ አይከኗ አረንጓዴ ሆነች። በስልኬ ከፈትኩ። ጊሽራው አለ፣ ዲሾው አለ። ድምፁን ነካሁት፤ እማማ አማረች ከመዳፌ ላይ ተናገሩ።

ብርሃኑ ተጠጋ። «በቃ ወጣ አይደል? ፎርማቱ ጊዜ ስለሚፈጅ ፎልደሩን ብቻ ላጥፋው» ብሎ ማውሱን ያዘና ዲሊት የሚለው ላይ ደረሰ።

«ተው!» ብዬ እጁን መታሁት። ጋሽ ሃንዲሶ ሻያቸውን ደፉ። «ታችና ላይ አንድ ናቸው ስልህ! አሁንም እኮ እንደተገናኙ ናቸው። እዚህ ካጠፋኸው እዚያም ይጠፋል!»

ብርሃኑ ትኩስ ድስት እንደነካ ሰው እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። እኔ ግን ተረጋግቼ መጀመሪያ አካውንቴን ከኮምፒውተሩ አለያየሁ፣ ፕሮግራሙን አወጣሁ፣ በስልኬ አሁንም ሁሉ መኖሩን አየሁ። ከዚያ ተነሳሁ። እግሬ ደንዝዞ ጠረጴዛውን ይዤ ነው የቆምኩት።

ጋሽ ሃንዲሶ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ወደ አለቃው ቢሮ ጮክ ብለው «ሄራሞ፣ ጨርሻለሁ! ልጅቷ ተነስታለች!» አሉ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ወደ ቆላው አልሄድኩም። በማግሥቱ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን አስገባሁ። ቤተሰቤ አበደች አለኝ፤ የመንግሥት ሥራ የሚለቅ ሰው አይቶ አያውቅማ። እኔ ግን አላበድኩም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጤነኛ ሆኜ አላውቅም። እስከዚያ ቀን ድረስ እንቢ ማለቴን እንደ መጥፎ ጸባዬ ነበር የማየው፤ እናቴም፣ መምህራኔም፣ አለቆቼም እንደዚያ ነበር የነገሩኝ። አሁን አላፍርበትም። እናንተም የሚገባችሁን ነገር ይዛችሁ የተቀመጣችሁበት ወንበር ካለ፣ ሰው ስለተቆጣ ብቻ አትነሱ። ደግሞም ኮምፒውተሩ የሚያወጣላችሁን የስህተት ጽሑፍ አንብቡ፣ «ኔትወርክ ነው» ብላችሁ አትለፉ! አቶ ሄራሞ ከዚያ መሥሪያ ቤት እስኪወጡ ድረስ ቀኑን አላስቀየሩም አሉ፤ ሪፖርታቸው በሞተር ሳይክል እየተላከ ኖረ።

የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ከጋሽ ሃንዲሶ ጋር ሺንሺቾ ሄድን። ሙሉነሽን ጠይቀን አገኘናት፤ በዕድሜ የገፋች፣ እጇ ጭቃ የነካ ሴት ናት። መጀመሪያ ተጠራጠረችን፤ ከመንግሥት የመጣን መሰልናት። እኔም ስልኬን ከፈትኩ። እናቷ «ሰነፍ ናት፣ ግን ዌሳ አትገድልም» ሲሉ ሰማች። አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች፣ ከዚያ «እኔ ሰነፍ?» ብላ ሳቀች፣ መቆፈሪያዋን አንስታ ወደ ጓሮ መራችን። ጊሽራው አለ። ቅጠሉ ጤነኛ፣ ግንዱ ወፍራም፣ ከጎኑም ተቆርጦ ከተቀበረ ሥር የበቀሉ ችግኞች ቆመዋል። እማማ አማረች ከእኔ በፊት ክላውዳቸውን ሺንሺቾ ላይ ከፍተው ነበር።

ሙሉነሽ ነቅላ የሰጠችንን ችግኞች በጆንያ ጠቅልለን ወደ አንጋጫ ለመመለስ ሚኒባስ ላይ ጫንን። ጣሪያው ስለሞላ ከፊት ወንበር ላይ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው፤ ቅጠላቸው በመስኮት ወጥቷል። ረዳቱ መጣና በሩን እየደበደበ ጮኸ።

«እናት፣ ይሄ ቅጠል የሰው ቦታ ይዟል! ይነሳ!»

ጋሽ ሃንዲሶ ከኋላ ወንበር ሲስቁ ሰማሁ። ጆንያውን አቅፌ ወደ ፊት አየሁ።

«አይነሳም» አልኩት።